የልጅ አጥንት ራሱን ሲጠግን

ቢዮ አዋሌ ውስጥ አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር አያቱ መጀመሪያ የሚያስቡት ወጌሻውን ነው። ድሬዳዋ ከተማ ወርዶ ድል ጮራ ሆስፒታል ለመድረስ መኪና ይፈለጋል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ አጥንት በወጌሻ እጅ ገጥሟል።

የሚገጥመው ግን በቅባቱና በቀርከሃው ኃይል አይደለም። አጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል። ከዚያ ከመቅኔውና አጥንቱን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ስቴም ሴል የሚባሉ ህዋሳት ይነሳሉ። እነዚህ ገና ሥራቸው ያልተለየላቸው ህዋሳት ናቸው፤ እየተባዙ መጀመሪያ ለስላሳ ድልድይ፣ ቀጥሎ ጠንካራ አጥንት ይሠራሉ። የልጆች ሽፋን ወፍራምና ደም የበዛበት ስለሆነ አብዛኛው የክንድ ስብራታቸው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይገጥማል። ለእኛ ለትልልቆቹ ወራት ይፈጃል።

ሳይንቲስቶችም ከዚሁ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 የጣሊያን ተመራማሪዎች አጥንታቸው ከ4 እስከ 7 ሴንቲሜትር የጎደለባቸውን ሦስት ሰዎች ታሪክ አሳተሙ። ከየታካሚው መቅኔ ስቴም ሴል ወስደው አባዙት፤ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ ባለውና ከአጥንት ማዕድን ጋር በሚመሳሰል ሴራሚክ ላይ ዘርተው ጉድለቱን ሞሉበት። ሴራሚኩ መወጣጫ ነው፤ ግንበኞቹ ህዋሳቱ ናቸው። ይህ ሕክምና ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። አጥንት ሲጎድል ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከታካሚው ዳሌ ቆርሰው ይተክላሉ።

ላቦራቶሪ ያደገውም ሆነ እግዜር የሰጠው ህዋስ ግን ደም ካልደረሰው ይሞታል። የወጌሻ አደጋም እዚህ ላይ ነው። ስብራቱ ያብጣል፤ ቀርከሃውና ጨርቁ ግን አይለጠጥም። ደም ሲቋረጥ እጅ ይጠቁራል፤ ጋንግሪን ይሆናል፤ ይቆረጣል። ቀላል የነበረው ስብራት ልጁን ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ያደርገዋል።

መፍትሔው ወጌሻን ማባረር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአገራችን ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች በእጅጉ መቀነሳቸውን አሳይተዋል። አንድ ቀን ብቻ!

ልጅዎ በወጌሻም ይሁን በጀሶ ከታሰረ ጣቶቹን አይሸፍኑ። ማታም ተነስተው ይዩአቸው። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ቀስ ብለው ሲዘረጉለት ከጮኸ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ጀሶ ከሆነ ሐኪም ይቅደደው። የጡንቻ ደም ከተዘጋ ለማዳን ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ስለሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ጨርሶ አይወሰድም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ያንኑ ቀን ድል ጮራ ማድረስ ነው።