ጉልበት ከአየር ይጀምራል፦ የሞተር ሳይክል ማርሚታና የነዳጅ ማስተካከያ ዳሰሳ

ማርሚታው ተቆርጦ ወይም ተበስቶ ሰፈሩን እያናወጠ የሚያልፍ ሞተር ሳይክል በከተሞቻችን አዲስ አይደለም። ብዙ ወጣት አሽከርካሪዎች ድምፁ ሲጨምር ጉልበቱም አብሮ የጨመረ ይመስላቸዋል። በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ማርሚታ መቀየርና ነዳጅ ማስተካከል የራሱ መሐንዲሶች፣ የራሱ ፋብሪካዎችና የራሱ ሕግ ያለው ሰፊ ሙያ ነው። ይህ ዳሰሳ ሙያው በምን ላይ እንደቆመ፣ በማን እጅ እንዳደገና ዛሬ የት እንደደረሰ ይቃኛል። በከፍታ ቦታ ለሚነዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አስረግጦ መናገር ይፈልጋል፤ ማርሚታ ከመግዛት በፊት የአየሩንና የቤንዚኑን ምጣኔ ማስተካከል ይቀድማል።

ጉልበት ከየት ይመጣል?

ቤንዚን ያለ ኦክስጅን አይቃጠልም። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። በሙሉ ኃይል ሲነዳ ግን ቤንዚኑ ከዚህ ትንሽ በዛ ማለት አለበት፤ ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው ምጣኔው 13 ለ1 አካባቢ ሲሆን ነው። ቤንዚኑ ከልክ በላይ ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ዘይትም ይታጠባል። ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፤ በከባድ ጭነት ላይ ከሆነ የፒስተኑ ራስ ቀልጦ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።

ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ ጭንቁ ያለው አየር ማስገባቱ ላይ ነው። ስለዚህ የማሻሻያ ሥራ ሁሉ ግቡ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን ንጹሕ አየር ማብዛትና ለዚያ አየር የሚመጥን ቤንዚን መስጠት ነው። ማርሚታው ለመጀመሪያው ያግዛል፤ ካርቡራተሩ ወይም የነዳጅ መርጫው ሁለተኛውን ይፈጽማል። አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድ

የጭስ ማውጫ ቫልቩ ሲከፈት በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ትኩስ ጋዝ በኃይል ይወጣል። ከጋዙ ፊት የግፊት ሞገድ ይሮጣል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ500 ሜትር ይበልጣል። ሞገዱ የቱቦው ክፍት ጫፍ ላይ ሲደርስ ጠባዩ ይገለበጥና፣ ሲገፋ የነበረው የሚስብ ሆኖ ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ተመልሶ የሚደርሰው ማስገቢያውና ማውጫው ቫልቭ ለአፍታ አብረው በሚከፈቱበት ቅጽበት ከሆነ የተረፈውን ጭስ ይጠርጋል፤ አዲሱንም አየር ይስባል። ከቅጽበቱ ከተዛነፈ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ ባስ ሲልም ጭሱ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል።

በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር አንዱ ዙር የሚፈጀው የሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ነው። የቱቦው ርዝመት የሚቆረጠው በዚህች አጭር ጊዜ ልክ ነው። ረዥም ቱቦ ለዝቅተኛ ዙር፣ አጭር ቱቦ ለከፍተኛ ዙር ይስማማል። ከመጠን በላይ የሰፋ ቱቦ ደግሞ የጋዙን ፍጥነት ይገድላል። ማርሚታውን እንዲያው በግምት የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ያለውን ጉልበት፣ ማለትም ዳገት የሚያወጣውንና ከመብራት የሚያስነሳውን ነው። «ሞተር ጭሱ ትንሽ ሲታፈንለት ይወዳል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። እውነቱ ሲታይ መታፈን ለማንም ሞተር አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው በሰዓቱ የሚደርስ ሞገድ ነው።

ሙያውን ያሳደጉ እጆች

ይህን ሞገድ ከሁሉ በላይ በሥራ ላይ ያዋለው ምሥራቅ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቫልተር ካደን ነው። በቾፓው ከተማ በሚገኘው ኤም ዜት ፋብሪካ የሠራቸው ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ነበሩ። እንዲህ ያለ ሞተር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ስለሌለው ከአዲሱ ድብልቅ የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ያመልጣል። ካደን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መካከለኛው ክፍሉ የሰፋ፣ ጫፉ እንደገና የጠበበ ቱቦ አበጀ። እየሰፋ የሚሄደው ክፍል የሚስብ ሞገድ ይመልሳል፤ እየጠበበ የሚሄደው ደግሞ የሚገፋ ሞገድ ልኮ ያመለጠውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1961 የካደን 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ይህ በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አየር በግድ ሳይጨመርለት እዚህ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚያው ዓመት የቡድኑ ዋና ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ከስዊድን ግራንድ ፕሪ በኋላ ወደ ምዕራብ ኮበለለ፤ ዕውቀቱንም ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሄደ። በ1962 ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ነጂው ራሱ ዴግነር ነበር። አንድ የጭስ ቱቦ የውድድሩን ዓለም ሚዛን እንዲህ ቀየረ።

በባለ አራት ምት ሞተሮች በኩል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጃፓናዊው ሂዴዮ ዮሺሙራ ነው፤ «ፖፕስ» ይሉታል። ሆንዳ በ1969 ያወጣው ሲቢ 750 ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት የተለያዩ ቱቦዎች ነበሩት። ዮሺሙራ በ1971 አራቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ቱቦ ሠራለት። የአንዱ ሲሊንደር ሞገድ ለሌላው እንዲረዳ ሆነ፤ ክብደቱም ቀነሰ። ዛሬ አራት ሲሊንደር ያላቸው የፍጥነት ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ያማሃ በቱቦው ውስጥ እንደ ዙሩ መጠን የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አስገባ፤ አንዱ ቱቦ ለዝቅተኛውም ለከፍተኛውም ዙር እንዲያገለግል ነው። በ1990 ደግሞ የቀድሞው ተወዳዳሪ ኢጎር አክራፖቪች በስሎቬኒያ የማርሚታ ፋብሪካ መሠረተ፤ ፋብሪካው በታይታኒየም ሥራው ዓለም አቀፍ ስም አግኝቷል።

ከካርቡራተር እስከ ኮምፒውተር

ካርቡራተር አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ የሚቀንስ መሆኑን ተጠቅሞ ቤንዚን የሚስብ ዕቃ ነው። የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑት ጄት የሚባሉት መሐላቸው የተበሳ ትናንሽ የናስ ብሎኖች ናቸው። ትንሹ ጄት ሚኒሞውንና የነዳጅ እጀታው እስከ ሩብ ያህል ሲከፈት ያለውን ሥራ ይይዛል። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ የሚቆጣጠረው መርፌው ነው። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ይረከባል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ችግሩ የሚታየው እጀታው ስንት ሲከፈት ነው?» ብሎ ነው፤ መልሱ የትኛውን ክፍል መንካት እንዳለበት ይነግረዋል። ካንዴላው የቡና ወተት ቀለም ሲይዝ ምጣኔው ደህና ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ አመድማ መልክ ማነሱን ያሳያል።

የነዳጅ መርጫ በኮምፒውተር መቆጣጠር በሞተር ሳይክል ላይ የተጀመረው በ1980 አካባቢ ነው፤ ካዋሳኪ ከቀደምቶቹ አንዱ ነበር። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር፣ የእጀታውን መከፈት፣ የአየሩን ሙቀትና ግፊት እያነበበ የሚረጨውን ቤንዚን ያሰላል። ብዙዎቹ በጭስ ቱቦው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አላቸው፤ በእርጋታ ሲነዳ ምጣኔውን ወደ 14.7 የሚመልሰው እርሱ ነው። ይህን ሥርዓት ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከኮምፒውተሩ ወደ መርጫው የሚሄደውን ምልክት መሐል ገብቶ የሚያርም ሣጥን መግጠም ነው፤ አሜሪካዊው ዳይኖጄት የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ሠንጠረዥ እንደገና መጻፍ ነው። በሁለቱም መንገድ ሥራው የሚፈተነው የኋላው ጎማ በከበሮ ላይ እየዞረ ጉልበቱ በሚለካበት መሣሪያ ነው።

ታዲያ ትርፉ ስንት ነው? በዘመናዊ ሞተር ሳይክል ላይ የመጨረሻውን የማርሚታ ክፍል ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት የፈረስ ጉልበትና የክብደት ቅነሳ ነው። ሙሉው ቱቦ ተቀይሮ ነዳጁም በትክክል ሲስተካከል ነው ልዩነቱ በእጅ የሚሰማው።

የከፍታው ጉዳይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሞተሩ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑን ከሚገባው ከ10 በመቶ በላይ ያበዛል። አሽከርካሪው ጉልበት ያጣው አንዴ በአየሩ፣ ሁለተኛ በምጣኔው ነው። የአየሩን መመለስ አይቻልም፤ የምጣኔውን ግን ይቻላል። ቀዳዳው 1.10 ሚሊ ሜትር የሆነን ዋና ጄት በ1.05 መቀየር የሚያልፈውን ቤንዚን በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዋጋው ከማርሚታ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጥቅሙ ግን በጉልበትም በቤንዚን ቁጠባም ይታያል።

አደጋውም እዚሁ አለ። ለአዲስ አበባ የተቀነሰ ጄት ይዞ ወደ አፋር የሚወርድ ሰው ሰመራ ሲደርስ ከ500 ሜትር በታች ላይ ነው፤ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ነው። አየሩ እየወፈረ ሲሄድ ቤንዚኑ ያንሳል፤ በዚያ ሙቀትና በረዥም ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የፋብሪካውን ጄት መልሶ መግጠም አለበት። የግፊት መለኪያ ያለው ኮምፒውተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ የነዳጅ መርጫ ለተራራማ አገር ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ሕግ፣ ጭስና ድምፅ

ማርሚታ ከጉልበት ሌላ ሁለት ኃላፊነት አለበት፤ ጭሱን ማጣራትና ድምፁን ማለዘብ። የዘመናዊ ሞተር ሳይክል ማጣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጉዳታቸው ወደ ቀነሰ ጋዝ ይለውጣል። አውጥቶ የጣለው ሰው መርዙን የሚለቀው በእግረኛውና በራሱ ሳንባ ላይ ነው። በአሜሪካ የጭስ መቆጣጠሪያን ማበላሸት በሕግ የተከለከለ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን በ2016 ጭስ የሚያበዙ የማስተካከያ መሣሪያዎች ሸጧል በሚል ከመንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። በአውሮፓም የጭስና የድምፅ ደረጃው እየጠበቀ መጥቷል፤ ዩሮ 5 የተባለው ደረጃ ከ2020 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ሥራ ላይ ውሏል።

ድምፅን በተመለከተ፣ 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ማደግ ነው። በሽተኛ የሚያስታምም ቤት፣ ሕፃን የሚያስተኛ እናት፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ የሚከፍሉት ዋጋ ይህ ነው። ከጩኸቱ የሚገኝ ጉልበት ደግሞ የለም።

ከየት ይጀመር?

የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ የሞተሩ ጤና ይታይ፤ የቫልቭ ክፍተት፣ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ። ቀጥሎ ምጣኔው ለሚነዳበት ከፍታ ይስተካከል። ማርሚታ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲቀየርም ነዳጁ አብሮ ይስተካከል፣ የጭስ ማጣሪያውና የድምፅ ማለዘቢያው አይነኩ፣ ከሥራው በፊትና በኋላም ይለካ። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት አንድን ዳገት በአንድ ማርሽና በአንድ ጭነት መፈተን፣ የቤንዚን ፍጆታንም መመዝገብ ይቻላል። ማርሚታህን ለመቁረጥ መጋዝ ያነሳህ ወጣት፣ መጋዙን አስቀምጠህ ካንዴላህን ፍታና ቀለሙን ተመልከት። የምትፈልገው ጉልበት ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።