የሆልምደሉ የመስታወት ሕንፃ

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሆልምደል በምትባል ከተማ፣ ሰፊ መስክ ላይ የተንጣለለ ባለመስታወት ሕንፃ አለ። ግቢው ውስጥ በሦስት እግር የቆመ ነጭ የውኃ ማማ ይታያል። ቅርጹ ትራንዚስተርን እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ትራንዚስተር የተፈለሰፈው ይህን ሕንፃ ባሠራው የምርምር ተቋም፣ በቤል ላብስ ነውና።

ቦታው ለምርምር የዋለው ግን ሕንፃው ከመቆሙ አስቀድሞ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርል ጃንስኪ የተባለ ወጣት መሐንዲስ አትላንቲክን ተሻግሮ የሚደረገውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ጩኸት ከየት እንደሚመጣ እንዲያጣራ ታዘዘ። በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ የሚሽከረከር ረጅም አንቴና ሠርቶ በየአቅጣጫው አዳመጠ። ከመብረቅ የሚመጣውን ጩኸት ለየ። ሌላ ደካማ ድምፅ ግን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው እየተመለሰ አስቸገረው። ምንጩ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ 24 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ አራቱ ደቂቃ የጎደሉት ድምፁ ከከዋክብት ጋር አብሮ ስለሚዞር ነው። ጃንስኪ ምንጩ የራሳችን ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ መሆኑን በ1933 ይፋ አደረገ። የሬዲዮ አስትሮኖሚ የተጀመረው በዚህ ነው።

የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ኤሮ ሳሪነን በ1961 ሲሞት ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ሕንፃው በ1962 ተከፍቶ በኋላም ተስፋፋ፤ በደህናው ዘመን 6,000 ያህል ሰዎች ይሠሩበት ነበር። በ1980ዎቹ የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ቹ እና ባልደረቦቹ አተሞችን በሌዘር ብርሃን ያቀዘቀዙት እዚሁ ነው። ቹ ለዚህ ሥራው በ1997 የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

የዚህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍነው የስልክ ገቢ ነበር። የቤል ላብስ እናት ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የአገሪቱን ስልክ በብቸኝነት ለመያዝ ጥቂት ስለቀረው፣ ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ለሚታይ ምርምር ገንዘብ ማውጣት አያስጨንቀውም ነበር። በ1984 በመንግሥት ክስ ምክንያት ሲከፋፈል ያ ዋስትና ላላ። በ1996 ቤል ላብስ ሉሰንት ወደተባለ ኩባንያ ተዛወረ፤ ሉሰንትም በ2006 ከፈረንሳዩ አልካቴል ጋር ተዋሐደ። በ2007 የሆልምደሉ ሕንፃ ተዘጋ።

ሊፈርስ ነው ሲባል ሳይንቲስቶችና አርክቴክቶች ተቃወሙ። በ2013 ሶመርሴት ዴቨሎፕመንት የተባለ ኩባንያ በ27 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ "ቤል ወርክስ" ብሎ ሰየመው። ቤተ ሙከራዎቹ በየሕንፃው ክፍል ውስጠኛ መሀል ስለነበሩ መስኮት አልነበራቸውም፤ በመስታወቱ ዳር የሚያልፈው መተላለፊያ ብቻ ነበር። በሕንፃው ክፍሎች መካከል ያለው ሰፊ፣ ጣሪያው ብርሃን የሚያስገባ አዳራሽ ግን ለአዲሱ ዘመን ተመቸ። ዛሬ ቢሮዎች፣ ካፌዎችና ሱቆች ከበውት እንደ መንገድ ያገለግላል፤ የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም እዚያው ነው። ቀድሞ ሠራተኛ ብቻ ይገባበት የነበረው ቦታ ለማንም ክፍት ሆኗል።

ሕንፃው መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕንፃን ማዳንና ምርምርን ማስቀጠል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ገንዘብ ያለው ገዢ ይወጣዋል። ሁለተኛው ግን ገቢው የተረጋገጠና ውጤቱን ለዓመታት የሚጠብቅ ባለቤት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ባለቤት ሲታጣ ከምርምር ማዕከሉ የሚቀረው ግድግዳው ብቻ ነው።