የሁለት አባቶች ሥራ፤ በሕፃናት ራስ ውስጥ የምትቀመጠው ቫልቭ

የሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ደርቆ የተቀመጠ አይደለም። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ባለ ፈሳሽ ተከቦ ይኖራል፤ በመካከሉም ይህ ፈሳሽ የሚመነጭባቸው አራት ትናንሽ ጓዳዎች አሉት። በአንድ ሙሉ ሰው ራስና ኅብለ ሰረሰር ዙሪያ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ያህል፥ ማለት ሁለት የቡና ስኒ የሚሞላ ነው። በቀንና በሌሊት የሚመነጨው ግን 500 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። እንግዲህ አሮጌው በየጊዜው ወደ ደም እየገባ ካልሄደ ለአዲሱ ስፍራ አይገኝለትም።

የመውጫው መንገድ በተፈጥሮ ጉድለት፥ በማጅራት ገትር፥ በደም መፍሰስ ወይም በእጢ ምክንያት ቢዘጋ ፈሳሹ መመንጨቱን አይተውም። በሕፃን ላይ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ራሱ ከቀን ወደ ቀን እየተለቀ ይሄዳል፤ ከፍ ባለ ልጅና በዐዋቂ ላይ ግን አጥንቱ ስለማይለቅ ግፊቱ ሁሉ በአንጎል ላይ ይወድቃል። ሐኪሞች ይህን ደዌ ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል፤ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ስም ሲሆን ትርጓሜው «የውሃ ራስ» ማለት ነው።

መድኀኒቱ ለሚሰማው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ቀጭን ቱቦ አግብቶ ውሃውን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ማፍሰስ ነው። ሐኪሞችም ይህን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሞክረውታል። ነገር ግን ክፍት ቱቦ ልክን አያውቅም። ከመጠን በላይ ቢያፈስ አንጎል ከቅሉ እየራቀ ሄዶ በመካከል ያሉት ደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ጥቂት ቢያፈስ ሕመሙ እንዳለ ይቀራል፤ ጫፉ ወደ ልብ በሚወስድ ደም ሥር ውስጥ ቢገባም ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ይረጋና ይደፍነዋል። የሚፈለገው እንግዲህ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ የሚከፈት፥ ሲቀንስ የሚዘጋ፥ ወደ ኋላም ምንም የማያሳልፍ ቫልቭ ነው። የሚከፈትበትም ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ በመካከለኛው ዐይነት ቫልቭ 100 ሚሊ ሜትር፥ ማለት የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ከፍታ ያለው ውሃ ከበታቹ ባለው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው። የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ይህን ያህሉን ግፊት ከቍጥር አያስገባውም።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዶክተር ፍራንክ ኑልሰንና ዶክተር ዩጂን ስፒትዝ የተባሉ አሜሪካውያን ትናንሽ ኳሶች ያሉበትን ቫልቭ በአንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ አግብተው ሥራውን ሲሠራ አዩ። ተስፋው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ ሕፃናት የሚበቃና የሚታመን ቫልቭ ገና አልተገኘም።

በ1955 ዓ.ም. በኅዳር ወር ኬሲ ሆልተር የተባለ ሕፃን የጀርባው አጥንት በኅብለ ሰረሰሩ ላይ ሳይገጥም ተወለደ፤ ጥቂት ቈይቶም ራሱ በውሃ ይሞላ ጀመር። አባቱ ጆን ሆልተር ሐኪም አልነበሩም፤ በቁልፍ ፋብሪካ የሚሠሩ፥ ረቂቅ የብረት ሥራ የለመዱ የእጅ ባለሙያ ነበሩ። ሕፃኑ በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል በዶክተር ስፒትዝ እጅ ሲታከም፥ እኒህ አባት ነገሩን ሁሉ አጥብቀው ጠየቁ፤ ሐኪሞችን ያስቸገራቸውም የቫልቩ ጕዳይ መሆኑን ተረዱ። አንዲት ነርስ በጎማ ቱቦ ላይ መርፌ ወግታ መድኀኒት ስትሰጥ መርፌው ሲነቀል ቀዳዳው ራሱን በራሱ ገጥሞ ጠብታ እንኳ እንደማያወጣ አስተውለው ነበር። በውስጥ ያለው ግፊት ቢበረታ ግን እንዲህ ያለው ስንጥቅ ይከፈታል፤ ግፊቱ ሲያልፍ ይገጥማል። ይህን ማንም ሰው ሊያየው ይችል ነበር፤ ለልጃቸው መዳኛ ይፈልጉ የነበሩት አባት ግን ያዩትን ይዘው ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው ሄዱ።

ተራ ጎማ ከጀርም ለማንጻት በሚደረገው ሙቀት ይበላሻል። ስለዚህ በዚያን ዘመን አዲስ የነበረውን፥ ሙቀት የሚችለውንና ሰውነትን የማያስቈጣውን ሲሊኮን መረጡ። ስንጥቅ ያለባቸው ሁለት የሲሊኮን ቫልቮች በአጭር ቱቦ ተያይዘው ከቈዳ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሐኪሙ ቱቦዋን ከላይ በጣቱ ጫን አድርጎ በመልቀቅ መሥራቷን ይመረምራል። በ1956 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ቫልቭዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሰውነት ውስጥ ገባች፤ ነገር ግን በኬሲ አልነበረም። እርሱ በዚያን ሰዓት ቀዶ ሕክምናውን ለመቻል ዐቅም አልነበረውምና ሌላ ሕፃን ቀደመው። ኬሲም በኋላ የአባቱን ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ሆኖም አስቀድሞ የደረሰበት ጕዳት ብዙ ስለ ነበረ አምስት ዓመት ያህል ኖሮ ዐረፈ። አባቱ ከዚያም በኋላ ለሰዎች ልጆች ቫልቭ መሥራታቸውን አልተዉም።

ሁለተኛው አባት በልጆች መጻሕፍታቸው የታወቁት እንግሊዛዊው ደራሲ ሮልድ ዳል ናቸው። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ የአራት ወር ልጃቸው ቴዎ በጋሪ ሲንሸራሸር በታክሲ ተመታ፤ ራሱም ክፉኛ ተጐዳ። ውሃው ሲጠራቀም ቱቦና ቫልቭ አገቡለት፤ ቫልቩ ግን ደጋግሞ ተደፈነ፤ በተደፈነም ቍጥር ሕፃኑ ይታወራል፥ ይዝላል፥ እንደ ገናም ይቀደዳል። ለንደን ከተማ ሲመለሱ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሆኑት ኬኔዝ ቲል ምክንያቱን ገለጹላቸው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ በውሃው ውስጥ የሚቀረው ርጋፊ በጠባቡ ስንጥቅ ላይ ይሰነቀራል። ዳልም ስታንሊ ዌድ የሚባሉ አንድ መሐንዲስ ያውቁ ነበር፤ እርሳቸውም ለአሻንጉሊት አውሮፕላን ሞተር ነዳጅ የሚያደርሱ ጥቃቅን ፓምፖችን የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሦስቱ ተባብረው፥ በየቤታቸው ውስጥ ተንሳፈው የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ የብረት ዝርግ ክቦች ያሉበት፥ ርጋፊ በቀላሉ የማይዘው ቫልቭ አወጡ። በ1962 ዓ.ም. ለሕፃን ሲገባ ቴዎ ራሱ አገግሞ ቫልቭ የማያስፈልገው ሆኖ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ከሥራው ምንም ትርፍ ላለመውሰድ ተስማሙ፤ የተሻለ እስኪተካውም ድረስ ሦስት ሺህ የሚያህሉ ልጆች በዚህ ቫልቭ ታከሙ ይባላል።

አንባቢ ግን ነገሩ በዚህ ያለቀ አይምሰለው። ሕፃን ተኝቶ ሳለ ልክ የሆነው ቫልቭ ሲቆም ልክ አይሆንም፤ ከራስ እስከ ሆድ የወረደው ውሃ በክብደቱ ከላይ ያለውን ይስባልና። ስለዚህ ይህን ስበት የሚከላከል ሌላ ረቂቅ ነገር በኋላ ተጨመረ። የኮሎምቢያ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ሰሎሞን ሃኪምም አንድ ሌላ ነገር ደረሱበት፤ አረጋውያን እግራቸው ሲጐተት፥ መርሳት ሲበዛባቸውና ሽንት ሲያመልጣቸው ሁልጊዜ እርጅና ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም፤ አንዳንዱ ይኸው የውሃ መጠራቀም ስለ ሆነ በቫልቭ ይሻላል። ይህን በ1965 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቁ። ከዚያም በኋላ ልጃቸው ካርሎስ ሃኪም ሰውነት ሳይቀደድ ከቈዳ ላይ በማግኔት ግፊቱ የሚለወጥ ቫልቭ ሠሩ።

ይህም ሁሉ ሆኖ በልጆች ከሚገቡት ቫልቮችና ቱቦዎች ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይበላሻሉ ወይም ይደፈናሉ። ሆስፒታል በአጠገቡ ላለ ሰው ይህ ሌላ ቀዶ ሕክምና ማለት ነው፤ ከገጠር ሁለትና ሦስት ቀን ተጕዛ ለምትመጣ እናት ግን የልጅዋ ሞት ሊሆን ይችላል። በዩጋንዳ፥ በምባሌ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ቤንጃሚን ዎርፍ ይህን በዐይናቸው አይተው በሁለት ነገር ደከሙ። አንደኛ፥ በህንድ አገር የሚሠራውን ርካሽ ቫልቭ ውድ ከሆነው የአሜሪካ ቫልቭ ጋር አስተያይተው በአንድ ዓመት ውስጥ ልዩነት እንዳልታየባቸው በ2005 ዓ.ም. አስታወቁ። ሁለተኛ፥ ቱቦ ሳይገባ በቀጭን መነጽር ወደ አንጎል ጓዳ ገብቶ አዲስ መውጫ መክፈትንና ውሃውን የሚያመነጨውን ክፍል በመተኰስ መቀነስን አጣምረው አስፋፉ። በ2017 ዓ.ም. በዚያው ሆስፒታል መቶ ሕፃናት የተካፈሉበት ጥናት ሲታተም፥ በዓመቱ የሁለቱ ወገን ሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። በእኔ አስተያየት የዚህ ፍሬ ነገር ቫልቩን ማጣጣል አይደለም፤ ለአንዳንዱ ሕፃን ዛሬም ከቫልቭ ሌላ መዳኛ የለውም።

በኢትዮጵያ ከኅብለ ሰረሰር አለመግጠም ጋር የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ውሃ መጠራቀሙም አብሮ ይመጣል። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ግን ለረጅም ዘመን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚህም ችግር አብዛኛውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕፃን በወለዱ እናቶች ዘንድ ፎሊክ አሲድ ችግሩ እንዳይደገም ከመቶ ሰባ ሁለት እጅ እንደሚቀንሰው አሳየ። ኅብለ ሰረሰር የሚገጥመው በፅንሱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት፥ ብዙዎች እናቶች መፀነሳቸውን ገና ሳያውቁ ነው፤ ስለዚህ ኪኒኑ ከፅንስ በፊት ሊጀመር ይገባል። የተለመደው መጠን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ትጠይቅ። ጎመንና ምስር ይህን ንጥረ ነገር የያዙ ናቸው፤ በምግብ ብቻ ግን የሚፈለገውን ያህል ማግኘት ያስቸግራል።

የሕፃኑ ራስ ከእድሜው ይልቅ ፈጥኖ ቢያድግ፥ እርግብግቢቱ ቢወጠር፥ ዐይኖቹ ወደ ታች ተስበው ነጩ ከላይ ቢታይ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ቫልቭ የገባለት ልጅ ደግሞ ቢያስመልሰው፥ ራሱን ቢያመው፥ ከወትሮው ይልቅ ቢያንቀላፋ፥ ቢያተኵሰው ወይም ቱቦው ባለፈበት ቈዳው ቢቀላ፥ ሌሊትም ቢሆን ነገ ሳይባል ሆስፒታል ይድረስ። በማግኔት የሚለወጥ ቫልቭ ያለው ከሆነ ኤም አር አይ ከመነሣቱ በፊትና በኋላ ሐኪሙ እንዲመረምረው ቤተ ሰቡ ያስታውስ።