ተኩላ ሲመለስ ፑማ የት ይገባል?

ፑማ ብቻውን የሚኖር፣ ብቻውን የሚያድን አውሬ ነው። ከሩቅ ላየው ሴት አንበሳ ይመስላል፤ አሜሪካውያንም የተራራ አንበሳ ይሉታል። አድፍጦ ይጠብቃል፤ ዘሎ አንገት ይይዛል። የገደለውን በቅጠልና በአፈር ሸፍኖ ለቀናት እየተመላለሰ ይበላል። ተኩላ በሌለበት አገር ይህ ብልህ ዘዴ ነው።

በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ተኩላ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰው እጅ ተጨርሶ ነበር። በ1995 እና በ1996 ከካናዳ የመጡ 31 ተኩላዎች ተለቀቁ። እንደ ተኩላው ከፓርኩ ጠፍቶ የነበረው ፑማ ግን ማንም ሳያመጣው ቀድሞ ተመልሶ አገሩን ይዞት ቆየ።

አንድ ለአንድ ቢገጥሙ ፑማው የሚናቅ አይደለም። ወንዱ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በዋሽንግተን ግዛት ፑማ የገደላቸው ተኩላዎች ተገኝተዋል። ጣጣው ተኩላ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። መንጋው ሽታ ተከትሎ ሲደርስ ፑማው ያደነውን ጥሎ ዛፍ ወይም ገደል ይፈልጋል። የለፋበትን ሌሎች በሉት፤ እሱ እንደገና ማደን አለበት። ግልገል ያላት እናት ደግሞ ምግቧን ብቻ ሳይሆን ልጆቿንም ልታጣ ትችላለች።

በካናዳው ባንፍ ተኩላዎች በራሳቸው ሲመለሱ ፑማዎቹ ኤልክ የተባለውን ትልቁን አጋዘን ማደን ቀንሰው ወደ ትንንሾቹ አጋዘኖችና ወደ ተራራ በጎች ዞረዋል። አመጋገብን መለወጥ ግን ሁልጊዜ አያድንም። ከየሎውስቶን በስተደቡብ፣ በዋዮሚንግ ግዛት የቴቶን ተራሮች ዙሪያ ተመራማሪዎች ፑማዎችን ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትለው ውጤቱን በ2020 አሳትመዋል። ተኩላ በበዛ ቁጥር የፑማ ወሊድ ቀነሰ፤ ወጣቱም ጎልማሳውም በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ጠበበ። በዚያው አካባቢ፣ በጃክሰን ከተማ አጠገብ፣ በበረዶው ወራት ለኤልክ መኖ ይታደላል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በታዳኝ እጥረት ማሳበብ ይከብዳል። ጥናቱም የተኩላው ጫና ከታዳኝ ብዛትም ከሰው አደንም የበለጠ መሆኑን አሳይቷል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን አንድ ስሌት ነው። በዚያ አካባቢ የሰው አደን በየዓመቱ በፑማ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 20 ተኩላዎች ከሚያደርሱት ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ተኩላ ገብቶ የአደን ፈቃድ እንደ ድሮው ከቀጠለ ፑማው ሁለቱንም ይሸከማል። ፈቃድ ሰጪዎች በአካባቢው ያሉትን ተኩላዎች ሳይቆጥሩ የፑማ ኮታ ቢወስኑ ስሌቱ ከመነሻው ይዛባል።

ይህ ማለት ተኩላ ፑማን ያጠፋል ማለት አይደለም። ሁለቱ ሰው ተኩላን ከማጥፋቱ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው ኖረዋል። ገደልና ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት ፑማው መሸሸጊያ አያጣም፤ ሜዳው ሲሰፋ ነው የሚጨነቀው። ተመራማሪዎቹም መሸሸጊያ በጎደለበት አገር ፑማ ጥንትም ብርቅ ሳይሆን አልቀረም ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ዛሬ እንደ ልክ የሚታየው የፑማ ብዛት ተኩላ ባልነበረበት ዘመን የተለመደ ነው።