አሮጌ መኪናና የመድን ካሳ፤ ዝቅተኛ ግምት ሲቀርብ

በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በበበቃ አካባቢ ቡና ከእርሻ ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘንም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው በመኪና ነው። ከነዚህም መኪናዎች ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂቶች አይደሉም። አገሩ ዝናም የሚበዛበት፥ ዳገትና ቁልቁለት የማያልቅበት ስለ ሆነ መጋጨትና መገልበጥ አይጠፋም። ባለመኪናው ካሳ ሲጠይቅ ግን የመድን ድርጅቱ የሚያቀርብለት ሒሳብ ካሰበው በታች ሊሆንበት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሒሳብ ከምን እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚመረመር መግለጥ ነው።

በመጀመሪያ የውሉን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው ሌላውን ተጎጂ ነው እንጂ የባለመኪናውን ንብረት አይደለም። ስለዚህ ለራሱ መኪና ካሳ የሚጠይቅ ሰው ይህንኑ የሚሸፍን ውል ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የዋጋው መለኪያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን ይደነግጋል፤ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድኑ ክፍል እንደ ጸና ቀርቷል። እንግዲህ መኪናው አሮጌ ነውና ርካሽ ነው ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ተፈላጊው የዚያ ቀን የገበያ ዋጋ ነው። በአገራችንም ይህ ዋጋ ከዕድሜ ጋር ዘወትር አይወርድም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ ንሯል።

ይሁን እንጂ የዋጋው መናር ለባለመኪናው ሌላ ጉዳት ያመጣበታል። ውሉ ተቃራኒ ካልተናገረ በቀር፥ ከዋጋው በታች መድን የገባ ሰው የጉዳቱን ተመጣጣኝ ክፍል ራሱ ይሸከማል። ለምሳሌ ያህል፥ 1,200,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ600,000 ብር መድን ቢገባና የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፥ ድርጅቱ የሚከፍለው 150,000 ብር ብቻ ነው። ከዚህም ላይ በውሉ ባለመኪናው እንዲሸከመው የተወሰነው ገንዘብ ይቀነሳል።

ስለዚህ ግምቱ ያነሰበት ሰው አስቀድሞ ሒሳቡ በዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ለዕቃ ስንት፥ ለሠራተኛ ስንት፥ ለእርጅና ስንት እንደ ተቀነሰ ይመልከት። በአሮጌ ዕቃ ምትክ አዲስ ሲገባ ለእርጅና መቀነሱ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የቀጥቃጭና የቀለም ቀቢ ድካም አያረጅምና ቅናሹ ወደዚያ ከተዘረጋ በውሉ የትኛው አንቀጽ እንደ ሆነ ይጠየቅ። መኪናው ጨርሶ ወድሟል ከተባለም የስብርባሪው ዋጋ እንዴት እንደ ተገመተና ለማን እንደሚቀር ይጣራ። ከዚያም የሁለት ወይም የሦስት ጋራዦችን ፕሮፎርማ፥ በዚያው ወር የተሸጡ የተመሳሳይ መኪናዎችን ዋጋ፥ ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም የማጓጓዣውን ወጪ አያይዞ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቅርብ።

ትልቁ አደጋ ግን ችኮላ ነው። የለቀማ ወራት ደርሶ መኪናው ሲቆም ባለቤቱ ይጨነቅና የቀረበለትን ተቀብሎ ይፈርማል። ካሳዬን ጨርሼ ተቀብያለሁ የሚል ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ክርክሩን ማንሳት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስምምነት ከጠፋ ውሉ የግልግል ዳኝነት ያዘዘ እንደ ሆነ መመልከት፥ ለተቆጣጣሪው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት፥ አለዚያም ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የንግድ ሕጉ ግን የመድን ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ስለሚደነግግ፥ በደብዳቤ ልውውጥ ጊዜው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ የመኪናውን ዋጋ አብሮ ማደስ ነው። በእድሳቱ ቀን የሚጨመረው ጥቂት ዓረቦን፥ በአደጋው ቀን የካሳውን ግማሽ ከማጣት ያድናል።