ተዋናይ ራሱን ሲያይ

ዳይሬክተሩ ኤልያ ካዛን «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» የተሰኘውን ፊልሙን ጨርሶ ለመሪ ተዋናዩ ለማርሎን ብራንዶ ባሳየው ጊዜ፣ ብራንዶ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከማሳያ ክፍሉ ወጥቶ ሄደ። በግለ ታሪኩ እንዳስታወሰው፣ ትወናው ፈጽሞ የከሸፈ መስሎት ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ኦስካር ያሸለመው ግን ይኸው ትወና ነው።

ከእሱ በኋላም ብዙዎች ከራሳቸው ምስል ሸሽተዋል። አዳም ድራይቨር በ2019 ለአሜሪካ ሕዝብ ሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ፣ «ሜሪጅ ስቶሪ» ውስጥ የዘፈነበት ክፍል ሊሰማ መሆኑን ሲያውቅ ስቱዲዮውን ለቆ ወጣ። ጆኒ ዴፕም ፊልሞቹን እንደማያይ በይፋ ተናግሯል። ፖል ኒውማን ደግሞ የመጀመሪያ ፊልሙ «ዘ ሲልቨር ቻሊስ» በቴሌቪዥን ሊታይ ሲል ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ተመልካቹን ይቅርታ ጠይቋል።

ይህን እንደ ቅብጠት የሚቆጥሩ አሉ፤ ፍርዳቸው ግን ፍትሐዊ አይደለም። ሰው ሲናገር የገዛ ድምፁን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማው፣ ከእውነተኛው ይልቅ ወፍራም ሆኖ ይሰማዋል። መቅረጫ የሚይዘው በአየር የሚሄደውን ብቻ ነው። የፊትም ነገር እንዲሁ ነው፦ በ1977 የታተመ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ጥናት ሰዎች መስታወት ውስጥ እንደሚታዩት የተገለበጠውን ፎቷቸውን፣ ወዳጆቻቸው ግን ያልተገለበጠውን እንደሚመርጡ አሳይቷል። ተዋናይ በስክሪን የሚያየው፣ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውንና ለእሱ ብቻ እንግዳ የሆነውን ሰው ነው።

በሴሉሎይድ ዘመን ቀን የተቀረጸው ሌሊት በላብራቶሪ ታጥቦ በማግስቱ ይታይ ነበር። በዚህ ማሳያ ላይ ተዋናዮች እንዳይገኙ የሚከለክሉ ዳይሬክተሮች ነበሩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ አንገቱን እንዴት እንደሚያዘነብል ያየ ተዋናይ በማግስቱ የሚያስበው ስለ ገጸ ባሕሪው ሳይሆን ስለ አንገቱ ነው። ጄሪ ሉዊስ ግን በ1960 «ዘ ቤልቦይ»ን ሲሠራ ዳይሬክተርም መሪ ተዋናይም ስለነበረ፣ ትወናውን እዚያው ለማየት ከፊልም ካሜራው ጎን የቪዲዮ ካሜራ ተከለ። ዛሬ ሞኒተር የሌለው የቀረጻ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ የትናንቱ መከላከያም አብሮ ጠፍቷል።

ዳይሬክተር መሸሻ የለውም። ማየት ሥራው ነው፤ ያውም ከሕዝብ ጋር። ስታንሊ ኩብሪክ በሚያዝያ 1968 «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»ን ከተመልካች ጋር ካየ በኋላ ወደ አርትዖት ክፍል ተመልሶ 19 ደቂቃ ያህል ቆረጠ። ለዓመታት የደከመበትን ሥራ በቀናት ውስጥ ለመቀስ አሳልፎ መስጠት ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ኢንግማር በርግማን ደግሞ ፊልሞቹን መልሶ ማየት አይወድም ነበር። በ1990 ለታተመው መጽሐፉ ሲዘጋጅ ግን የአርባ ዓመት ሥራውን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሶ ለማየት ተገደደ፤ አንዳንዴም ሊቋቋመው የማይችለው ሆኖ አገኘው። አንዳንዶቹን ፊልሞቹን ያለ ርኅራኄ ነቀፈ። «ፐርሶና» እና «ክራይስ ኤንድ ዊስፐርስ» ላይ ሲደርስ ግን አቅሙ የፈቀደውን ያህል ርቆ እንደሄደ ጻፈ።