በሊኑክስ ኮምፒዩተር ስለ ፊደል፣ ስለ ቋንቋና ስለ ቀን አጻጻፍ

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ለንግድ ቤታቸው የገዙ አንዳንድ ነጋዴዎች፣ አማርኛ ለመጻፍ ሲሉ የመሣሪያውን ቋንቋ በሙሉ መለወጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የሚጻፍበት ፊደል፣ የማሳያው ቋንቋና የቀኑ አጻጻፍ ለየብቻ የሚመረጡ ናቸው።

በኡቡንቱ ላይ ድምፅን ተከትሎ አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው፣ አይባስ-ኤም17ኤን የተባለውን ፕሮግራም አስገብቶ፣ በኪቦርድ ማስተካከያው ገጽ የመደመር ምልክቱን ተጭኖ አማርኛን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ የሱፐርና የስፔስ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ያሻግራሉ።

አስመጪውንና ላኪውን ይበልጥ የሚነካው ግን የቀኑ አጻጻፍ ነው። መሣሪያው በአሜሪካ ሥርዓት ከተስተካከለ 03/04/2025 ማለት ማርች 4 ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሥርዓት ኤፕሪል 3 ይሆናል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የተወሰነ የመጫኛ ቀን በ30 ቀን ተዛንፎ ቢነበብ፣ ዕቃው በጊዜው ሳይጫን ይቀርና ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ በኢንቮይስ ላይ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል። አማርኛ ቢመረጥም እንኳ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊቆጠር እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም።

የቀኑን አጻጻፍ ብቻ ለመለወጥ፣ ስለ አገርና ስለ ቋንቋ በሚናገረው ገጽ «ፎርማትስ» የሚለው ይከፈታል፤ ለውጡም የሚጸናው ተጠቃሚው ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው።